ከሲኒው ሥር ያለችው ቀይ ነጥብ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት አሮጌ ዕቃ ገዢ ከአዲስ አበባ ሆሳዕና ድረስ መጥቶ ሰማያዊ የእንግሊዝ ሲኒዎቼን ከነማስቀመጫቸው አየልኝ። አያያዙ ደስ ይላል። አንዱን ወደ መስኮቱ አቅርቦ፣ "ሥዕሉ ወረቀት ላይ ታትሞ ወደ ሲኒው የተላለፈ ነው፤ መጋጠሚያው ይኸው፣ እጀታው ጋ" አለኝ። ሲገለብጠው ግን ፊቱ ጠቆረ። የፋብሪካው ማኅተም ላይ የቀይ ጥፍር ቀለም ነጥብ አለ።

"እማማ፣ ይሄ ዋጋውን ይጥለዋል። ላስለቅቀው?"

እኔ ሐሳቤ ፎንቆ ገብቶ ነበር።

አስተማሪ ሆኜ ሀዲያ ውስጥ ፎንቆ ስመደብ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። የአንጋጫ ልጅ ነኝ፤ ያኔ ከምባትኛ እንጂ ሀዲይኛ አልሰማም ነበር። ክፍል ውስጥ በአማርኛ እግባባለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን የሚያናግረኝ የለም። ሲኒዎቹን አንጋጫ ገበያ ነበር የገዛኋቸው፣ አገራቸው ከተመለሱ ፈረንጆች ቤት የወጡ ናቸው ተብዬ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በአንዱ ሻይ እጠጣለሁ፤ ሌሎቹ ያዩኛል።

ሐምሌ ላይ የማዶው ሽማግሌ አረፉ። በሰፈሩ ልማድ ሴቶቹ ለለቅሶው ሲኒ ከየቤቱ ይሰበስባሉ፤ እንዳይደባለቅም ሁሉም ከሥሩ የቤቱን ምልክት ይቀባል። ጭቃውን እየረገጡ መጡና እንግዳ ናት ብለው በሬን አልፈው ሄዱ። ያን ቀን ባዳነቴ ተሰማኝ። ሲኒዎቼን በትሪ ይዤ ደጅ ወጣሁ።

ጎረቤቴ እትዬ ራሔል አንዱን ገለበጡት። "የኔ ልጅ፣ ይሄ'ኮ ምልክት የለውም። ይጠፋብሻል።"

"ምልክት የለኝም፣ እትዬ።"

ትንሽ አሰቡና ከቤታቸው የጥፍር ቀለም አስመጡ። ቀይ የእሳቸው ቤት ምልክት ነበር። "ከኔው ጋር ይሁን፤ ሲመለስ አብረን እንለየዋለን" አሉኝ።

ለቅሶው ሲያበቃ እትዬ ራሔል ሲኒዎቹን ልንለይ፣ ትኩስ ቆጮ በኮባ ጠቅልለው መጡ። የእኔ ሲኒ ሰማያዊ፣ የእሳቸው ነጭ፤ መለየቱ ምን ይከብዳል? እሳቸው ግን እስኪመሽ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ፎንቆ ሳለሁ ብቻዬን ሻይ የጠጣሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ያኔ ገባኝ።

ዛሬ ልጆቼ ደቡብ አፍሪካ ናቸው፤ የማያቸው በስልክ ነው። ለለቅሶውም ለሠርጉም ዕቃ ይከራያል፤ ሲኒ አውሺኝ የሚል ጎረቤት ቀርቷል። ሲኒዎቹን ልሸጥ ያሰብኩትም የሚጠጣባቸው ጠፍቶ ነው። ብቸኝነቱ ከብዶኛል፣ ምን እደብቃለሁ።

"ተወው ልጄ፣ አይልቀቅ" አልኩት። በዚያው ሲኒ ሻይ ቀዳሁለት፤ ጠጥቶ ባዶ እጁን ሄደ።

ሲኒውን አጥቤ ደፋሁት፤ ነጥቧ ወደ ላይ ሆነች። ድሮ ቢጠፋ ያገኘው ሰው በዚች ነጥብ እትዬ ራሔል ቤት ያደርሰው ነበር። አሁን እዚያ ቤት በር የሚከፍት የለም።