የሸምሱ አውሮፕላን ሞተር

ባለፈው ጥር ለእህቴ ልጅ ሰርግ ነገሌ ቦረና ሄጄ ነበር። ዳሱ ተጥሎ፣ ሰው ተቀምጦ፣ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር አስነሱ። ግቢውን እስኪያናውጥ ጮኸ እንጂ አንድ አምፖል እንኳ በደንብ አላበራም። አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ ጓደኛውን በክርኑ ጎሸም አደረገና «እንደ ሸምሱ አውሮፕላን» አለው። ሁለቱም ሳቁ።

እኔም ፈገግ አልኩ። አባባሉ ለእኔ አዲስ አይደለም። ነገሌ ውስጥ ብዙ ጮሆ ምንም የማይሠራ ነገር ሁሉ የሸምሱ አውሮፕላን ይባላል። ከመናኸሪያ በጡሩምባ ወጥቶ ጎረቤት ከተማ ወደራ ሳይደርስ የሚቆም አውቶቡስ፣ ሲፎክር ከርሞ ባዶ ጎል የሚስት አጥቂ፣ ሁሉም የሸምሱ አውሮፕላን ናቸው። ጎረምሳው ሸምሱ ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልመሰለኝም። ለእሱ ቃል ብቻ ነው።

ሸምሱ አባቴ ነው።

በዚያን ዘመን አባቴ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ላይ የመኪናና የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ ይሸጥ ነበር። ከጉራጌ አገር በወጣትነቱ ከአጎቱ ጋር ለንግድ መጥቶ እዚያው የቀረ፣ ዝምተኛና ቁም ነገረኛ ሰው ነበር። ከሌላው ነጋዴ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አውሮፕላን ይወዳል። ከከተማው ዳር ካለው ማረፊያ አውሮፕላን ሲነሳ ድምፁን ከሰማ፣ ዋጋ የሚከራከረውን ደንበኛ እንኳ ትቶ በር ላይ ይቆማል። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አይመለስም። እሱ ራሱ ግን አንድም ቀን ተሳፍሮ አያውቅም።

የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ያን የሚባል ፈረንጅ ነበር። ለፓምፖቹ ቺንጋና ጎሚኒ ለመግዛት ሲመላለስ የአባቴን ነገር አየ። እሱም ለካ በሬዲዮ ከመሬት ሆነው የሚነዷቸውን ትንንሽ አውሮፕላኖች መሥራት የሚወድ ሰው ነው። ፕላኑንና ከላባ የሚቀል እንጨት ሰጠው። አባቴ ከሱቁ ጓሮ ሙሉ በጋ ሲቆርጥ፣ ሲሞርድ፣ ሲያጣብቅ ከረመ። የወጣው ቀይ አውሮፕላን ነው። ክንፉ ወፍራም፣ ከገላው በላይ የተቀመጠ፣ እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው የሚያህል። ፈረንጁ እንደሚለው ይህ ዓይነቱ ለጀማሪ የተሠራ ነው፤ ሰው ካላስቸገረው በራሱ ቀጥ ብሎ መብረር ይወዳል።

የቀረው ሞተር ነበር። ፈረንጁ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። ሬዲዮውን ለአባቴ ሊተውለት ወሰነ፤ ከሁለቱ ሞተሮቹ ደግሞ አንዱን እንዲመርጥ፣ ሌላውን ለልጁ ይዞ እንደሚሄድ ነገረው። አባቴ የዚያኑ ዕለት መምረጥ ይችል ነበር። ግን «ልጄ ትምጣ» አለ።

እኔ ያኔ አዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ተማሪ ነበርኩ፤ አንደኛ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት እመጣለሁ። የዚያን መንገድ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ወደራ ላይ ጉሙ ጫካውን ውጦት ብርድ ያንቀጠቅጣል፤ ከቦሬ የተጫነው ቆጮ ይሸታል። ከዚያ ቁልቁል ሲወረድ ዛፉ እያጠረ፣ አፈሩ እየቀላ፣ ነፋሱ እየደረቀ ይሄዳል። ሌላው አገር በክረምት ሲጨቀይ እኛ ጋ አቧራ ነው።

አቧራዬን ሳልታጠብ አባቴ ወደ ሱቅ ወሰደኝ። ሁለቱ ሞተሮች ባንኮኒው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል። ትልቁ ጡንቻ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ። ትንሹ ከዶሮ እንቁላል ብዙ አይበልጥም። ሹፌር ደምሴም እዚያው ነበር። በኤንትሬ የጭነት መኪና ፊልቱና ዶሎ የሚመላለስ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ሳጥን ላይ ተቀምጦ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ይጠጣል።

«ይኸውልሽ ኢንጂነር» አለኝ። «እኔ መርጬ ጨርሻለሁ፤ አባትሽ ግን ዲግሪ ያለው ካልመጣ ብሎ አስቀመጠን።»

«ገና አንደኛ ዓመት ነኝ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ያስቸግራል? ሞተር የሚመረጠው በዳገት ነው። ጉልበት ያለው ይወጣል፣ የሌለው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ይቺማ» አለ ትንሹን በጣቱ እያሳየ፣ «ሻይ አታፈላም።»

አባቴ አልሳቀም። እኔን ነበር የሚያየው። «ሙኒራ የመረጠችው ነው የሚገጠመው» አለ።

«ሴት ልጅ ልከህ ሞተር አስመርጥና ጉድህን እናያለን፣ ሸምሱ።»

ይህን ሲል ፊቴ ጋለ። አባቴ እኔን ለዚያ ትምህርት ሲልክ ከተማው ምን ሲለው እንደከረመ አውቃለሁ። ታናሽ እህቴ ሰሚራም ወደዚያው ትምህርት ለመግባት ተራዋን ትጠብቃለች። አውሮፕላኑ አንድ ነው፤ ቢሰበር የሚተካበት እንጨት በአገሩ የለም። እስከ ማግስቱ እንዲሰጡኝ ለመንኩና ፈረንጁን ፍለጋ ሄድኩ።

ፈረንጁን ዕቃውን ሲያሽግ አገኘሁት። የትኛው ይሻላል ብዬ ጠየቅኩት። እሱ ግን በዚያ በተሰባበረ አማርኛው መልሶ ጠየቀኝ፤ «ተማሪ ሲፈራ፣ እጅ ምን ያደርጋል?»

«ይጨብጣል» አልኩ።

«ጎበዝ። ለዚህ አውሮፕላን፣ ሰው ሲፈራ እጅ መልቀቅ ነው። ከለቀቀ እሱ ራሱ ይስተካከላል። ግን ጊዜ ይፈልጋል።»

ትልቁ ትንሹ ሳይል ወደ ዕቃው ተመለሰ፤ ምርጫው የእኛ እንዲሆን ፈልጎ ይመስለኛል። ማታውን ሳሰላስል ነገሩ ገባኝ። ትልቁ ሞተር አውሮፕላኑን ያፈጥነዋል፤ የጀማሪ ዓይን ያየውን እጁ እስኪሰማ ድረስ መሬት ይደርሳል። ትንሹ ያዘግመዋል፤ ለመሳሳትም ለመመለስም ጊዜ ይሰጣል። በማግስቱ ደምሴ ፊት ትንሹን አነሳሁ። አባቴ አንዳች ነገር ሳይጠይቅ ብሎን መፍቻውን አመጣ።

ፈረንጁ ሄደ። ቀጥሎ ፈቃድ ሆነ ጉዳዩ። ጦር ሰፈር ባለበት ከተማ፣ በዚያ ዘመን፣ በሬዲዮ የሚታዘዝ ነገር ዝም ብሎ አይነሳም። ጉዳዩን የያዘው ሻምበል ሬዲዮውን ገለባብጦ አየና ቢሮው አስቀመጠው። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኳስ ሜዳ፣ እሱ ባለበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ፈቃዱ ይኸው ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ከገበያው የተረፈ ሰው የለም፤ ፍየል የሚጎትተውም፣ ጨው የያዘውም ሜዳውን ከበበ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ አቧራ ያስነሳል። ሞተሩ ተነስቶ ሰማያዊ ጭስ ሲተፋ ከሴቶቹ መካከል አንዷ «ኧረ ጉሎ ነው የሚሸተው» አለች። እውነቷን ነው፤ ነዳጁ ውስጥ የጉሎ ዘይት አለበት። አባቴ ሬዲዮውን ደረቱ ላይ አንግቶ አውሮፕላኑን ለቀቀው። ሮጠ። እየጮኸ፣ አቧራ እያስነሳ ሜዳውን አቋርጦ ሄዶ የእሾህ አጥሩ ሥር ቆመ። መልሰን ሞከርን። እንደገና ሮጠ፤ መንኮራኩሩ ከመሬት የመላቀቅ ያህል ብድግ ይልና ተመልሶ ቁጭ ይላል። ነዳጁን አስተካከልን፣ ደግመን ለቀቅነው። ያው ነው።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። የደምሴ ድምፅ ግን ከሁሉም በላይ ተሰማ፤ «ሸምሱ፣ ወፍጮ ነው እንዴ የሠራኸው? እንፍጭበት» አለ። ሻምበሉ ሰዓቱን አየና ሬዲዮውን ተቀብሎ ሄደ። አባቴ አውሮፕላኑን ብብቱ ሥር አድርጎ በገበያው መሀል ወደ ቤት ተመለሰ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። የአንገቱን ላብ አቧራው ጭቃ አድርጎታል። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል ወደ እኔ ዞር አላለም፤ ያየኝ ቤት ገብተን እጃችንን ስንታጠብ ነው። «ሙኔ፣ አሁንም ትንሹ ነው?» አለኝ።

«አሁንም ትንሹ ነው፣ አባባ» አልኩት። ለምን እንዳልተነሳ ግን አላወቅኩም።

እሑድ ከሰዓት ደምሴ ከሱቃችን ፊት ለፊት መኪናው ላይ ስኳር ያስጭናል። ረዳቱ አሁኑኑ እንውጣ ሲለው «በዚህ ሐሩር?» አለው። «በጠራራ ፀሐይ ይህን ጭነት ይዞ የሚወጣ እብድ ነው። ጎህ ሲቀድ ነው የምንወጣው። ጎህ ሲቀድ መኪናም ክንፍ ያወጣል።»

ሹፌሮች ሁሉ የሚሉት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው ኖሬያለሁ። የዚያን ቀን ግን ከፊዚክስ ደብተሬ ጋር ገጠመ። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ሲሳሳ ሞተርም የሚተነፍሰው፣ ክንፍም የሚደገፍበት ያንሰዋል። ነገሌ ደግሞ ከፍታ አለው። እየሮጥኩ ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። ጫማውን አጠለቀ። ሻምበሉ ቤት ድረስ አብረን ሄድን።

ሻምበሉ በር ላይ ቆሞ አዳመጠን። «ፈቃዱ ለቅዳሜ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ» አለ አባቴ። «ቅዳሜ አየሩ ሞቆ ነው። ልጄ አስልታዋለች።»

«ከተሜው አይቶ ስቆ ሄዷል። ምን ቀረህ?»

«እኔ አላየሁትም» አለ አባቴ።

ሻምበሉ እኔን አየኝ፣ እሱን አየው። «ነገ ጠዋት ሜዳው ላይ በእግሬ እንሸራሸራለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሬዲዮው በእጄ ሊኖር ይችላል። እኔ ያየሁት ነገር የለም። እናንተም ለማንም አልነገራችሁም።»

«ወላሂ» አለ አባቴ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሜዳው ላይ ነፋስ የሚባል አልነበረም። ብርድ ነው፤ ትንፋሻችን ይታያል። አንድ የቦረና ሽማግሌ ግመሎቻቸውን ወደ ውሃ እየነዱ በሜዳው ጥግ ያልፋሉ። «አካም ቡልታኒ» አሉን፤ እንዴት አደራችሁ ነው። «ናጋ» አልናቸው። ቀዩን ነገር አይተው በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ራሱ ሌላ ነበር፤ ቅዳሜ ያቃስት የነበረው አሁን ይዘፍናል። አባቴ ለቀቀው። ከሜዳው ግማሽ ሳይደርስ መንኮራኩሩ ሥር ብርሃን አየሁ። በመንኮራኩሩና በመሬቱ መሀል ቀጭን የብርሃን መስመር ገባች፤ ሰፋች፤ ከዚያ በቃ፣ አየር ላይ ነው።

ይህን በቃል መግለጽ አልችልበትም። ሱቃችን ጓሮ በሙጫ ሲጣበቅ ያየሁት እንጨት ከግራሩ አናት በላይ ወጥቶ፣ እኛ ጋ ገና ያልደረሰችው ፀሐይ እሱ ላይ ወጣችበት። ክንፉ እንደ ፍም በራ። ሻምበሉ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። ከተማው ከታች ተኝቷል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «ኒ ዴቢኣ?» ብለው ጠየቁ። ይመለሳል ወይ ማለታቸው ነው። ከብት ያለው ሰው ስለሚሄድ ነገር ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

«ኢንሻ አላህ» አለ አባቴ።

አባቴ አዙሮት የአውሮፕላኑ ፊት ወደ እኛ ሲሆን ግን ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆነበት። አውሮፕላኑ አንድ ክንፉን ጥሎ ወደ ግመሎቹ ማዘቅዘቅ ጀመረ። የአባቴ ጣቶች መሪው ላይ ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ጨበጡ።

«ልቀቀው፣ አባባ» አልኩት።

«ይወድቃል እኮ።»

«ልቀቀው። ትንሹ ነው፤ ጊዜ አለው።»

ለቀቀ። ሁለት እጁን ከሬዲዮው ላይ አነሳ፣ ለዱዓ እንደሚዘረጋ ሰው። ቀዩ አውሮፕላን ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይነካው፣ ክንፉን አስተካከለ። በግመሎቹ አናት ላይ አለፈ፤ ግመሎቹ አንገታቸውን ብቻ አዙረው ሸኙት። ነዳጁ አልቆ ሞተሩ ዝም ሲል የሰማሁት ጸጥታ ከድምፁ ይበልጥ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ እየተንሳፈፈ መጥቶ ሣሩን ዳሰሰና ከአባቴ እግር ብዙም ሳይርቅ ቆመ።

ሽማግሌው «ዴቢኤ» አሉ፤ ተመለሰ። ግመሎቻቸውን ነዱ። ሻምበሉ ሬዲዮውን ተቀብሎ «ምንም አላየሁም» አለን። ግን ወዲያው አልሄደም፤ ባዶውን ሰማይ ሲያይ ቆየ።

ብዙም ሳይቆይ ሻምበሉ ተዛወረ፤ ሬዲዮውም አልተመለሰልንም። አውሮፕላኑ ሱቃችን ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ዓመታት ኖረ። የገባ ሁሉ ቀና ብሎ አይቶ «ሸምሱ፣ አልበረረም አይደል?» ይለዋል። አባቴም ቺንጋውን እየለካ «ቅዳሜ? አልበረረም» ይላል። ውሸት አይደለም። ደምሴማ እስኪሞት ድረስ ቀለደበት። ሰሚራ ግን በቀጣዩ ዓመት አዲስ አበባ፣ እኔ ካለሁበት ትምህርት ቤት ገባች። ደምሴ «ሁለተኛዋንም?» ብሎ ሲጠይቀው አባቴ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ።

አሁን አባቴም ሻምበሉም የሉም፤ ሽማግሌውም ያኔ ሽማግሌ ነበሩ። ያቺን ጠዋት የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ። በሥራዬ ከዚያ በኋላ ብዙ ትላልቅ ሞተሮች አጠገብ ቆሜያለሁ፤ እጄን አንስቼ ዝም ብዬ እንድመለከት ያደረገኝ ግን አንዱም የለም።

ጄኔሬተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ፤ ዳሱ በጸጥታ ተዋጠ። ወደ ጎረምሳው ዘንበል አልኩ።

«ቅዳሜ ነው ያልበረረው» አልኩት።

«ምን አሉ፣ እትዬ?»

«የሸምሱ አውሮፕላን። ሰኞ በርሯል።»