በአሥራ ሰባተኛው ፖርት ያለው

ኢንሳፍ በኢስትሊ ሰፈር የአንድ ባለ አራት ፎቅ የገበያ ሕንፃ የኔትወርክ ቴክኒሻን ናት። ሱቆቹን ሁሉ የሚያገናኘው ስዊች ደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። ስዊች ሰው አያውቅም፤ ስምም አይጠይቅም። የሚያውቀው እያንዳንዱ መሣሪያ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣውን አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር፣ ማክ አድራሻውን ብቻ ነው። መሣሪያው ድምፁን ባሰማ ቁጥር፣ «ይህ አድራሻ በዚህ ፖርት፣ በዚህ የኬብል መሰኪያ በኩል ነው» ብሎ ይመዘግበዋል። አምስት ደቂቃ ዝም ካለ ይረሳዋል። አምስት ደቂቃ ብቻ!

ኢንሳፍ ግን መርሳት አልቻለችም። ወንድሟ አሚር ላፕቶፑን አንግቶ ወደ ሞያሌ ከሄደ ሰባት ወሩ ነው፤ የበላው ጅብ አልጮኸም። ኔትወርኩ የሚያስገባው የተፈቀዱ አድራሻዎችን ብቻ ስለሆነ፣ አለቃዋ ዘርይሁን የአሚርን ከዝርዝሩ እንድትሰርዝ ሁለቴ ነግሯታል። እጇ እምቢ አላት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የስዊቹን መዝገብ ስትከፍት፣ የአሚር ላፕቶፕ አድራሻ በአሥራ ሰባተኛው ፖርት ትይዩ ቁጭ ብሏል። አንድ በአንድ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ እያወራ ነው።

ዓይኗን ከፖርቱ ከሚወጣው ኬብል ላይ ሳትነቅል ደረጃውን ወጣች። ኬብሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ለወራት ተዘግቶ ወደከረመ የሽቶ ሱቅ ይገባል። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ አንድ ሰው ያንጎራጉራል።

«አሚር?»

«ጢም አበቀልኩ እንዴ?» አሉ የሱቁ ባለቤት እትዬ መስቱራ፣ አቧራ መጥረጊያቸውን እንደያዙ እየሳቁ። «ጅማ እናቴን ሳስታምም ከርሜ ዛሬ መክፈቴ ነው። ምነው ልጄ፣ ጂን ያየሽ መሰልሽ?»

«ኢንተርኔቱን ማን አስገባልዎ?»

መስቱራ ግድግዳው ላይ ያለችውን ነጭ የዋይፋይ ሳጥን አሳዩዋት። «አሚር ነዋ። ሊሄድ ሰሞን፣ ‹የእርስዎ እስኪመዘገብ ምን ያስጠብቅዎታል? እስክመለስ የላፕቶፔን አድራሻ ለሳጥኗ ላልብሳት› አለኝ። እኔም በሳምንቱ ሄድኩ። ለመሆኑ መጣ?»

ኢንሳፍ ወደ ሳጥኗ ተጠጋች። ወደ ፋብሪካ አድራሻዋ መመለስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ስዊቹም በአምስት ደቂቃ የአሚርን ይረሳል። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ ትላለች። መስቱራ መልሱን ከፊቷ ላይ አንብበው መጥረጊያውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«እትዬ፣ አያጥፏት» አለች ኢንሳፍ።

«ሱቁን ስዘጋም?»

«ሲዘጉም።»