ሳል ያለው ፈረንጅ

ጽሕፈቴ ቢንጋደድ፣ ሃሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ ባቀላቅልም ይቅር በሉኝ፤ ከየኔታ ዘንድ የወጣሁት ዳዊት ሳልጨርስ ነው።

አባቴ ጋፋት ላይ ብረት ለሚያቀልጥ አንድ የእስፓኝ ሰው ወናፍ ይነፋል። ሰውየው አማርኛ አያውቅም፤ የተናደደበትን ሠራተኛ ግን በእጁ በሩን እያሳየ ያባርረዋል።

አንድ እሑድ አባቴ ቤታችን ጋበዘው። እናቴ አራስ ስለነበረች የበጉን ወጥ እኔ ሠራሁ። እንግዳው አንድ ጊዜ ጎረሰና «ሳል!» አለ።

አባቴ ብድግ ብሎ ቢላዋውን በድንጋይ ስሎ አቀረበለት። እንግዳው ራሱን ነቀነቀ፤ «ሳል! ሳል!» አለ። አባቴ ግራ ቢገባው አፉን በኩታው ሸፈነና «እህ! እህ!» ብሎ ሳለ።

«ምነው አንተ ሰው፣ ምን ያስልሃል?» አለች እናቴ ከመጋረጃው ውስጥ።

«ሳል እያሉኝ ምን ላድርግ!»

«እሳቸውን ነዋ ሳል የያዛቸው! ዳማከሴ ጭመቁላቸው።»

የእንግዳው ፊት ቀላ፤ እጁም ተነሣ። አባቴ በለሆሳስ «አበቃልኝ» አለ። ያን ጊዜ ተነሥቼ ከአሞሌው ጨው ሸርፌ፣ ደቁሼ አቀረብሁ።

«ሳል!» ብሎ እንግዳው ሳቀ።

«ልጄ፣ ቋንቋቸውን መቼ ተማርሽው?» አለ አባቴ። እኔ ድስቱን ይዤ ወደ ማጀት ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ሠራተኞቹ «ነይ አስተርጉሚ» እያሉ ስለሚጠሩኝ፣ ከወናፉ ጀርባ ተቀምጬ ቃል እለቅማለሁ። ፓን እንጀራ ነው፤ አጓ ውኃ ነው። አሁንስ በእውነት እየተማርሁ ነው።

ለማንም ያልነገርሁት ግን፣ ያን እሑድ አንድም ቃል አላውቅም ነበር። እንግዳው ሲጎርስ ፊቱን ባየሁ ጊዜ ነው፣ ወጡ ውስጥ ጨው አለመጨመሬ ትዝ ያለኝ።