በእናቴ ስም የሞተችው ሴት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው የበረዶ ወቅት ነው። ጊዜ ሁሉን ያስረሳል ይባላል፤ ይሄኛው ግን እናቴ ስልክ ሳታነሳ በቆየች ቁጥር ተመልሶ ደረቴ ላይ ይቀመጣል።

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ የሆስፒታል ኮምፒውተሮች ፖስተኛ ነኝ እላለሁ። እዚህ ሚኒያፖሊስ ሐኪሙ፣ ላቦራቶሪው፣ ፋርማሲው፣ ቀጠሮ ክፍሉ ሁሉም የየራሳቸው ፕሮግራም አላቸው። ፕሮግራሞቹ በአንድ ዓይነት መልክ በተጻፉ አጫጭር መልእክቶች ይነጋገራሉ፤ ታካሚ ገባ፣ መድኃኒት ታዘዘለት፣ ወጣ፣ ሞተ። ቀን ከሌት ሲመላለሱ ሰው አያያቸውም። አንዱ ፕሮግራም አልቀበልም ብሎ የመለሰው ብቻ እኔ ጋ ይመጣል።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ተመለሰ። ታካሚዋ ሞታለች ይላል፤ የቀጠሮ ፕሮግራሙ ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት የስኳር ቀጠሮ ይዞላታል፤ ስለዚህ እምቢ ብሏል። የተለመደ ነገር ነው። ቀጠሮውን ላሰርዝ ብዬ ከፈትኩት።

ፋጡማ አህመድ ይላል። ስሙ አላስደነገጠኝም። እኛ ሰፈር አውቶቡስ ውስጥ ፋጡማ ብለው ቢጣሩ ግማሹ ሰው ዞር ይላል። የልደት ቀኗ ጃንዋሪ አንድ ነው። እሱም አላስደነገጠኝም። በስደተኛ ካምፕ ያለፉ እናቶቻችን የተወለዱበትን ቀን ስለማያውቁት መዝጋቢዎቹ ለሁሉም ጃንዋሪ አንድን አድለዋቸዋል። ዓመቱም የእናቴ ሆነ። አድራሻው ላይ ስደርስ ግን እጄ ከኪቦርዱ ወረደ። ሲዋርድ ሰፈር ያለው የእኛ አፓርታማ ነው፣ ከነቤት ቁጥሩ።

ጠዋት ትቻት ስወጣ ደህና ነበረች። ደወልኩላት፤ ስልኳ ተይዟል። ደገምኩ፤ አሁንም ተይዟል። ሞታ ከሆነ በስልኳ የሚያወራው ማነው ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ። ወዲያው ደግሞ ጎረቤት ገብቶ ለዘመድ መርዶ እየነገረ ይሆናል አልኩ። ካፖርቴን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ። በዚያ በረዶ እንዴት ነድቼ እንደደረስኩ አላውቅም።

በሩን ስከፍት እናቴ ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ አለሁ፣ እኔ አይደለሁም ትላለች። እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ነገሩ ወዲያው ታወቀ። ሌክ ስትሪት አጠገብ የምትኖር ሌላ ፋጡማ አህመድ ሆስፒታል ውስጥ አርፋ ወሬው በመስጊዱ የስልክ ግሩፕ ተለቋል። የሰማ ሁሉ እናቴ መስላው ይደውል ነበር። ሰዎቻችን ገና ሳይመሽ የትኛዋ ፋጡማ እንደሆነች አጣርተው ጨርሰዋል። የእኛ ፕሮግራሞች ግን እናቴን ቀብረዋታል።

ደስታዬ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም። የሴትዮዋ ሞት እናቴ ፋይል ላይ የተጻፈው ሴትዮዋ በእናቴ ፋይል ስለታከመች ነው። ሲያስገቧት ስምና የልደት ቀን ጠየቁ፤ ገጠመላቸው፤ ከፈቱት። ከዚያ ወዲያ ሐኪሙም ፋርማሲውም የሚያዩት የእናቴን በሽታና የእናቴን መድኃኒት ነው። ለአለቃዬ ደውዬ ነገርኩት። ለሆስፒታሉ አሳውቃለሁ፣ አንተ ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትል አለኝ።

ለእናቴ ግን ደብቄ አላውቅም። ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታኝ ሻርፗን አነሳች።

«በስሜ ሞታ ለቅሶዋን ሳልደርስ ልቀር ነው?»

ለቅሶ ቤቱ ሰው ሞልቶታል። እናቴ ስሟን ስትናገር ሴቶቹ ክው አሉ። የሟች ልጅ ግን እናቴን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም፤ ስንወጣም እስከ ኮሪደሩ ሸኘችን። እዚያ ቆማ፣ ሆስፒታል እንደምሠራ ሰምታ ነው መሰል፣ የሆነውን ነገረችኝ።

«ፔኒሲሊን አለርጂ አለባት ብዬ ነግሬያቸው ነበር» አለችኝ። «ነርሷ ቼክ አድርጋ ሲስተሙ ላይ ምንም አለርጂ የላትም አለችኝ። እኔም ሲስተሙን አመንኩ፤ ፔኒሲሊኑን ሰጧት።»

እናቴ ምንም አለርጂ የለባትም። የአለቃዬ ቃል ትዝ አለኝ፤ የቤት ኪራያችንም ትዝ አለኝ። እናቴ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች።

«እህቴ፣ የእናትሽን ሙሉ ሪከርድ ጠይቂ» አልኳት። «ሲያክሟት ያነበቡት የእሷን አይደለም። የእናቴን ሪከርድ ነው።»

ልጅቷ እናቴን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ገብታ በሩን ዘጋች።

ጉዳዩ አሁንም እየተጣራ ነው። መድኃኒቱ ይግደላት ሕመሟ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔ ከሥራ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ አልጸጸትም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እናቴ ቀጠሮ ባይኖራት ኖሮ መልእክቱን ሁሉም ፕሮግራሞች ይቀበሉት ነበር፤ እኔም አላየውም ነበር። ዛሬስ ማን በማን ፋይል ተኝቷል? አሁን እናቴ ስትታከም አጠገቧ ተቀምጬ የሚሰጧትን ሁሉ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። ነርሶቹ ይሰለቹኛል፤ ይሰልቹኝ።

እናቴ ስላለችልኝ አላህን አመሰግናለሁ። ያቺ ልጅ በምትሰማበት ቦታ ግን ድምፄን አውጥቼ ማመስገን አልችልም።