ለኪቦርዷ የሠራሁላት ዳንቴል

ኪሮሹን በቀኝ እጄ ይዤ፣ ክሩን በግራ እጄ ጠቋሚ ጣት ላይ ጠምጥሜ ለኪቦርዷ ዳንቴል እየሠራሁላት ነበር። እንዴት እንደምትበራ ገና አላውቅም። ርዝመቷን በክንዴ ለካሁ፤ ዙሪያዋን በትንንሽ ጽጌረዳ ከበብኩ፤ አቧራ እንዳያልፍም ከሥሩ የብርድ ልብስ ቁራጭ ገበር አደረግሁላት። ስጨርስ ያየኝ ሰው ባለሙያ ሊለኝ ይችል ነበር፤ የኪቦርድ ግን አይደለም።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ዕቃ በማልበስ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቴን ሳቋርጥ እናቴ ያስያዘችኝ ኪሮሽ ከእጄ ሳይወርድ አረጀሁ። ራዲዮ፣ ቴርሞስ፣ የስኳር ጣሳ፣ የጋዝ ሲሊንደር ሳይቀር አልብሻለሁ። አንድ ጊዜ ከተማችን ጭሮ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ ከላዩ የእኔ ዳንቴል ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም። በኋላ ቴሌቪዥኑ እየቀጠነ ሄዶ ዳንቴል የሚቀመጥበት ጀርባ ሲያጣ ሥራዬ ቀዘቀዘ። የባጃጅ ልጆች ናቸው የደረሱልኝ፤ ከመሪው ፊት ያለውን ቦታ በቀይና በቢጫ ክር አስጌጥኩላቸው። ሥራው ብዙ ማውራት ስለማይጠይቅ ይስማማኛል። እኔ ሱቅ ገብቼ ባለሱቁ ቀና እስኪል ቆሜ የምጠብቅ፣ ቀና ካላለም ባዶ እጄን የምመለስ ሰው ነኝ።

ድምፄን የማወጣው በቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች መዘምራን መሀል ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን የምቆመው ኋላ ረድፍ፣ ትከሻዋ ሰፋ ካለ ሴት ጀርባ ነው። ቢሆንም እዘምራለሁ።

ኪቦርድ የሚጫወትልን ሌሊሳ የሚባል መምህር ነበር። እሱ ወደ መቻራ ሲዛወር ሽማግሌዎቹ የራሳችን ተጫዋች ካላገኘን ከወጣቶቹ መዘምራን ጋር እንደሚቀላቅሉን ነገሩን። ወጣቶቹ የሚዘምሩት እየዘለሉ ነው፤ የእኛን ጉልበት ደግሞ እግዚአብሔር ያውቀዋል። በደሳ ከተማ ለሚደረገው የአብያተ ክርስቲያናት ኮንፈረንስ እስክንሄድ ድረስ ጊዜ ሰጡን። ሌሊሳ ጭን ላይ የምትያዝ፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ኪቦርዱን ትቶልን ሄደ። የመዘምራኑ መሪ አዴ ሎሚ ማን ይማራል ብላ ስትጠይቅ አንዷ ዓይኔ አለች፣ አንዷ የልጅ ልጆቼ አለች፣ አንዷ ደም ግፊቴ አለች። እኔ የራሴን ሰበብ በልቤ አሰካክቼ እስክናገር ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርገው አጨበጨቡልኝ።

ጣቶቼ ክር ከመያዝ በቀር የሚያውቁት የለም። አንዱን ቁልፍ ሲነኩ ጎረቤቱንም ይቀሰቅሳሉ። ይህን በስልክ ስነግረው ሌሊሳ አልሳቀም፤ ወይም ስልኩን አርቆ ሳቀ። ዜማውን እናቶች ይያዙት፣ እርስዎ አንድ ቁልፍ ብቻ ተጭነው የድምፁን ጠባይ ይሥሩ አለኝ። ከቁልፎቹ በላይ እንደ ራዲዮ የሚዞሩ ማዞሪያዎች አሉ። በአንዷ ድምፁ በድንገት እንዲመጣ ወይም ቀስ ብሎ እንዲገባ ይደረጋል። ሌላዋ ጣት ከተነሣ በኋላ ስንት እንደሚቆይ ትወስናለች። ዳር ያለችው ደግሞ ድምፁን ታደበዝዘዋለች ወይም ታጠራዋለች። ከዚያ ወዲያ በአካባቢዬ ያለውን እየሰማሁ እንድሞክር አዘዘኝ።

መስማት ጀመርኩ። የብረት በር ሲዘጋ ድምፁ በድንገት መጥቶ ወዲያው ይሞታል። ዳገት የሚወጣ ባጃጅ ከሩቅ ጀምሮ እየበረታ ይመጣል፤ ካለፈም በኋላ ይቆያል። እኔ ድንገት የሚመጣ ነገር ስለማልወድ ድምፄን በራሴ አምሳል ሠራሁት፦ ቀስ ብሎ የሚገባ፣ ከገባም በኋላ ተሰናብቶ መውጣት የሚያቅተው። ያሰብኩት በደረቀ ማሽላ መሀል የሚያልፍ ንፋስ ነበር። የሚወጣው ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚያቃስት ሰው ነው። ኪቦርዷን ከነዳንቴሏ፣ ከፊት በኩል ብቻ ገለጥ አድርጌ ነበር የምማረው። ድምፁ አልጠራ ባለኝ ቁጥር ዳር ያለችውን ማዞሪያ ጥቂት ጥቂት ስጨምር መጨረሻዋ ላይ ደርሳ እምቢ አለች።

በአንድ ግድግዳ የምንዋሰን ጫት ነጋዴዋ መይሙና በየቀኑ ደጄ ላይ ቆማ ዛሬ ደግሞ ምኑን ነው የምታርጂው ትለኝ ነበር። ንፋስ ነው ስላት፣ በእነሱ አገር ንፋስ እንዲህ እንደማይታመም ነገረችኝ።

ወደ በደሳ የሄድነው በሚኒባስ ነው። መንገድ ላይ ኩኒ ስንደርስ ጉም ስለነበር ኪቦርዷን እንዳይበርዳት ነጠላዬ ውስጥ ሸጎጥኳት፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። የበደሳው ጸሎት ቤት ጢም ብሎ ነበር። ድምፁን የሚቆጣጠረው ጉርሜሳ የሚባል ጎልማሳ ሽቦ አምጥቶ ኪቦርዷን ከትልልቆቹ ስፒከሮች ጋር አገናኛት። አዴ ሎሚ አንገቷን ነቀነቀችልኝ። ተጫንኩ።

ምንም የለም። ድምፁ ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደረግኩት ራሴ መሆኔን ረስቼ ተበላሸች ብዬ የድምፁን መጠን ጨመርኩላት። ከዚያ መጣ። ቆርቆሮ በቢላዋ ሲፋቅ የሚያወጣውን ድምፅ አስቡ፤ ጣሪያ የሚያክል ቆርቆሮ። ሕፃናት አለቀሱ፤ ፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ጆሯቸውን ያዙ፤ ውጭ ውሻ መለሰልኝ። ጣቴን አነሣሁ። ድምፁ አልሄደም። እንዳይቸኩል አድርጌ አሳድጌዋለሁና ሳይቸኩል ቆየ።

ጉርሜሳ ሮጦ መጥቶ ሽቦውን ነቀለ። ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ ከኋላ በኩል አነሣና ከሥሩ ያሉትን የኪቦርዷን የድምፅ ማውጫ ቀዳዳዎች አየ፤ ገበሩንም ዳሰሰ።

«አዴ» አለኝ እንደ እናት አክብሮ፣ «አፏን አፍነው ነው እንዴ ያስተማሯት?»

ማይክሮፎኑ አጠገቡ ስለነበር ቤቱ በሙሉ ሰማ፤ ሳቀም። ለካ ያ ሁሉ የሚያቃስተው ድምፅ የእኔው ብርድ ልብስ ነበር። እኔ በላይ በላዩ እየሸፈንኩ ለምን አትጠራም ስላት ከርሜአለሁ። ጉርሜሳ ዳር ያለችውን ማዞሪያ ወደ መሀል መለሳት፣ ሽቦውን መልሶ ሰካና እንድጫን በዓይኑ ነገረኝ። ንፋሱ በማሽላው መሀል ቀስ ብሎ መጣ። አዴ ሎሚ ዜማውን ከላዩ አነሣችው፤ እናቶች ተከተሉ። አምሮ ነበር አሉ። እኔ አልሰማሁትም፤ ጆሮዬ ውስጥ ገና ሳቁ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የራሳችሁ ተጫዋች እስካላችሁ ድረስ ማንም አይነካችሁም ብለው ቃል ሰጡን። ሚኒባሱ ውስጥ ሴቶቹ ሲስሙኝ እኔ ኪቦርዷን ወደ መቻራ ለመመለስ ወስኜ ነበር። የጉርሜሳ ጥያቄ ትዝ ባለኝ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። ለአዴ ሎሚ የምነግርበት አንደበት ስለሌለኝ ዝም እላለሁ፤ ኪቦርዷን ሲያጧት ይገባቸዋል። ከወጣቶቹ ጋር መቀላቀላችን ነው፤ መዝለል ለጉልበት ጥሩ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሌሊሳ ስደውልለት፣ ከከበደዎት በሾፌሩ በታጁዲን ይላኩልኝ፣ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላለሁ አለኝ። ኪቦርዷን ከነዳንቴሏ አቅፌ ወደ ጭሮ መናኸሪያ ወጣሁ። መይሙና በሩ አጠገብ ጫቷን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። የበደሳውን ጉድ ሰምታለች፤ ከእኛ ሚኒባስ ቀድሞ ደርሷት ነበር። ኪቦርዷን ለባለቤቷ እንደምልካት ነገርኳት።

«ከተመለስሽ ወዲህ ግድግዳው ዝም ብሏል» አለች። «ያን ሁሉ ጩኸት የቻልኩልሽ እኮ መጨረሻውን ልሰማ ብዬ ነው።»

በደሳ ላይ ድምፁ አንድ ጊዜ በደንብ እንደወጣ ነገርኳት።

«እኔ በደሳ አልነበርኩም» አለችና ጫቷ ላይ ውሃ ረጨች።

አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ኪቦርዷን ጭኔ ላይ አጋደምኳት። ኪሮሽ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ገበሩን ቀደድኩት፤ ከዚያ የድምፅ ማውጫ ቀዳዳዎቿን የሸፈኑትን ጽጌረዳዎች አንድ በአንድ መፍታት ጀመርኩ። ዙሪያውን ጠርዝ ካልተሠራለት ይተረተራል፤ ስለዚህ እየፈታሁ ጠርዙን መያዝ ነበረብኝ።

ታጁዲን መጥቶ የመቻራው ዕቃ የታለ አለኝ።

«ገና ነው» አልኩት። «ሽፋኗ አላለቀም።»

ኪቦርዷን አየ፣ እጆቼን አየ፣ ከዚያ መይሙናን አየ። እሷ ጫቷን እያገላበጠች ነበር። ሄደና ሚኒባሱን አስነሣ። ሌሊሳ መቻራ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ትዝ ያለኝ ሚኒባሱ በመናኸሪያው በር ወጥቶ ከተሰወረ በኋላ ነው።