በስተግራ ያለው ወንበር

እኔ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ሰው ተሰብስቦ ሲያወራ አልወድም፤ ስብሰባ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያ ክፍል የገባሁትም ለወሬ ሳይሆን ለሚያንጠባጥብ የእጅ መታጠቢያ ነው። ክፍሉ ከአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ሥር ያለ የድሮ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። በሩ ላይ «የፈጠራ ጽሑፍ ዎርክሾፕ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ዎርክሾፕ ከሆነማ መፍቻ የሚያውሰኝ አላጣም ብዬ ገባሁ። ያገኘሁት ግን ክብ ሠርተው የተቀመጡ ሰዎችንና መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አንዲት ሴትዮ ነበር።

ጠግኜ ዕቃዬን ስሰበስብ ሴትዮዋ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ማንበብ ትችላለህ?»

ደሜ ፈላ። «ምነው እትዬ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ፊደል አይቆጥርም ያለ ማነው?»

«እንዲያ መች ወጣኝ! እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ቀረብንና ነው። የጎረቤቱን ወረቀት የሚያነብ ቸግሮናል።»

እዚያ ቤት ለካ ማንም የጻፈውን ራሱ አያነብም። ሁሉም ይጽፋል፤ ሲጨርስ ወረቀቱን በስተግራው ላለው ሰው ያቀብላል፤ ያ ሰው ጮክ ብሎ ያነባል። ጸሐፊው ትንፍሽ አይልም። አንባቢው ቢደናቀፍ የሚያርመው፣ ቢዘገይ የሚያጣድፈው የለም። ሕጉን ያወጡት ሴትዮዋ ናቸው፣ ሲያስከብሩትም እንደ ዳኛ ናቸው።

ተቀመጥኩ። በቀኜ ያሉት ሽበታም ሰውዬ ወረቀታቸውን በግራ እጃቸው አቀበሉኝ። ገለበጥኩት፣ መልሼ ገለበጥኩት። ባዶ ነው። ማንበብ ትችላለህ ወይ ብለው ጠይቀው ባዶ ወረቀት ይሰጡኛል!

«ምኑን ላንብበው?» አልኩ።

«ያለውን» አሉ ሴትዮዋ።

የሚስቅ ካለ ልቆጣ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ማንም አልሳቀም። በግራዬ ያለችው ነርስ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ትጠብቃለች። ከማዶ ያሉት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርም ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ሰጥተዋል። ግራ ቢገባኝ እኔም ያንን ነጭ ወረቀት ይዤ ዝም አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የጠገንኩት ቧንቧ እንኳ ጠብ አላለም። ጥቂት ቆይተው ሴትዮዋ «እናመሰግናለን» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሽበታሙ ሰውዬ። ሥራ ጀምሬ ብዙ ጉድ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲገባ ጭራሽ ወረቀቱን እንዳይጨማደድ ተጠንቅቄ ለሰውዬው መለስኩላቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። ቧንቧው እንዴት እንደ ሆነ ልይ ብዬ ነው ስል ራሴን ሸነገልኩ። የወንበሩ ባለቤት ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፤ ወንበሩ የእኔ ሆነ።

ሴትዮዋን ሰፈሩ እትዬ ታይፕ ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የአለቆችን ቃል ሲተይቡ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ከዚያ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሚሰጥ የጽሑፍ ሥልጠና ተማሪ ሆነው ገቡ። አንድ ቀን የጻፉትን አብራቸው የምትማር ልጅ አነበበችላቸው። «የራሴን ቃል በሰው አፍ ስሰማው ቤቴ እንግዳ የመጣ መሰለኝ። ብድግ ብዬ ልቀበለው ቃጣኝ» ብለውኛል። ይህ ነገር ለሌላውም ይድረስ ብለው ነው የሕንፃውን ኮሚቴ ለምነውና ጨቅጭቀው የዚያን ክፍል ቁልፍ የተቀበሉት።

እኔም ደረሰኝ። አንድ ቅዳሜ፣ ውሃ ጠፍቶበት የከረመ ቤት ውሃው ሲለቀቅ ምን እንደሚመስል ጻፍኩ። ቧንቧው መጀመሪያ ይስላል፣ ከዚያ ድፍርሱን ይተፋል፣ ባለቤቶቹም ባልዲ ይዘው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። ሌላ ምንም የለበትም። ነርሷ ግን ያን በለስላሳ ድምጿ ስታነበው ጸጉሬ ቆመ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ? በየቀኑ የማየውና «አቤት ሽታው!» እያልኩ የማማርረው ነገር ውስጥ ይህ ሁሉ ነበረ? ሳምንቱን ሙሉ የነካሁት ቧንቧ ሁሉ ሊናገር የተዘጋጀ እየመሰለኝ ከረምኩ። ሚስቴ «ምን ነክቶሃል?» እስክትለኝ ድረስ።

ሽበታሙ ሰውዬ የእትዬ ታይፕ ባል ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፣ ጨዋታ አዋቂ። ሁለቱ የተገናኙበትን ታሪክ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ዶፍ ዝናብ ነበር። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል ጋሼ በመስታወት አንዲት ልጅ ስትሮጥ አዩና «ቆይ!» ብለው ጮኹበት። እትዬ «እኔ ያገባሁት ያቺን ቃል ነው» ይላሉ።

ኋላ ጋሼ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰና ቃላቸው ሁሉ ረገፈ። ሐኪሞች ነፍሳቸውን አተረፉ፤ ከቃል የተረፈው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ዝናብ። በር። ቆይ። አንቺ። አይዞሽ። እንሂድ። ደረስን። ሌላ ነገር ሊናገሩ ሲፈልጉም የሚመጡባቸው እነዚሁ ናቸው። አንድ ቀን ሆስፒታል ካርድ ክፍል ስማቸውን ሲጠየቁ «ደረስን» አሉ። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። ጋሼ ከዚያ ወዲህ የቀሩላቸውንም ቃላት ተዉአቸው። ማንበብ አልጠፋቸውም፣ ጋዜጣ ሲይዙ ዓይናቸው መስመር ሲከተል ይታያል። አፋቸው ግን ተዘጋ።

ይህን የነገሩኝ እትዬ ራሳቸው ናቸው፣ ወንበር ስንደራርብ። መነሻው የእኔ ነገረኛነት ነው።

«እኛን እያስጨነቁ ያስጽፉናል፣ እርስዎ ግን አንድም ቀን ጽፈው አያውቁም። የበላይ አለቃ ሆኑብን እኮ!» አልኳቸው።

«የእኔ ግራ ማን እንደ ተቀመጠ አታይም?»

እውነትም በግራቸው ያሉት ጋሼ ናቸው። «ታዲያ ወንበር ይቀይሩ» አልኩ።

«ወንበሩንማ አልቀይርም። ካነሣሁት ተስፋ ቆረጥኩ ማለት ነው።» ያነሡትን ወንበር መልሰው አስቀመጡት። «ልንገርህ አይደል? ድምፁን እየረሳሁት ነው። ልብስ እያጠብኩ ‹አንቺ!› ብሎ ሲጠራኝ እንዴት ነበር እያልኩ ላስታውስ እሞክራለሁ። አይመጣልኝም። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ ልጄ፣ ሌላው ሁሉ አያስፈራኝም።»

የቀሩትን ወንበሮች እኔው ደራረብኩላቸው።

በተከታዩ ቅዳሜ እትዬ ታይፕ ወረቀት ያዙ። ሁላችንም ጨርሰን ስንጠብቅ እሳቸው ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ያስባሉ። በመጨረሻ ወረቀቱን በስተግራቸው አቀበሉና መነጽራቸውን አወለቁ። 

ጋሼ ወረቀቱን ተመለከቱ። ወደ ሚስታቸው ዞሩ፤ ሚስታቸው ግን ጸሐፊ ናቸውና በሕጉ መሠረት ትንፍሽ አላሉም። ጋሼ እንደገና ወረቀቱን አዩ። ቅንድባቸው ተነሣ። እኔ አጠገባቸው ነኝና አንገቴን ሰገግ አድርጌ ጽሑፉን አየሁት። ገጹ ላይ ያሉት የሚያውቋቸው ቃላት ብቻ ናቸው። እትዬ ለጋሼ የቀሩላቸውን እነዚያኑ ቃላት ይዘው፣ ሌላ አንድም ሳይጨምሩ ጽፈዋል።

ጋሼ ሳሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን የለም። የሒሳብ መምህሩ ሊያግዙ አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ ጣታቸውን አነሡ። ማንም አይረዳም። ነርሷ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ዝ…» አሉ ጋሼ። «ዝናብ።»

ድምፃቸው ሻካራ ነበር፣ ግን ወፍራምና ሙሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነው።

«በር። ቆይ!» ይቺን ጮክ ብለው ነው ያሏት፣ ልክ ረዳቱ ፊታቸው እንደ ቆመ ሁሉ። «ቆይ! አንቺ። አንቺ! አይዞሽ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «እንሂድ። ዝናብ፣ እንሂድ። ዝናብ፣ እንሂድ። አንቺ፣ አይዞሽ። ደረስን?»

የመጨረሻዋ መስመር ላይ ቆሙ። የሚያጣድፍ አልነበረም።

«ቆይ» አሉ ቀስ ብለው። «እንሂድ።»

አለቀ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰባት ቃል ናት! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስለፈልፍ ኖሬ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ተናግሬ አላውቅም። አንድ ኑሮ፣ ከአውቶቡሱ በር አንሥቶ እስከዚያ ወንበር ድረስ፣ በዚያች ወረቀት ላይ ነበር። መምህሩ በመሀረባቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ። እትዬ ግን አላለቀሱም፤ የሰሙት እንዳያመልጣቸው ይመስል ሁለቱን እጆቻቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ከዚያ በኋላ ሌላ የምናነበው አላስፈለገንም። ጋሼ ወረቀቱን እንደ ልማዳቸው በግራ እጃቸው አቀበሉኝ፣ ተቀበልኩ። ሰው ኮቱን አነሣ፣ ወንበር ተደራረበ። እትዬ መስኮቱን ሊዘጉ ወደ ጥጉ ሄደው መቀርቀሪያው አስቸገራቸው።

ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ጋ ደርሰው ነበር። ዞር አሉ።

«አንቺ!» ብለው ተጣሩ። «እንሂድ!»

ወረቀቱ እኔ እጅ ላይ ነበር።