ወፏን ያጠጣኋት ውሃ

ያን ጊዜ በሰው አገር፣ ጠዋት ጠዋት ባልድዊን ሂልስ በሚባል ሰፈር እትዬ የምላቸው ያገሬ ሰው የሆኑ አሮጊት አስታምም ነበር፤ ከሰዓት ደግሞ ፌርፋክስ የሚባል ሰፈር አንድ ሬስቶራንት ሳህን አጥባለሁ። ድካሙ አጥንቴ ድረስ ዘልቆ ስለነበር ሁሉም ነገር ያናድደኛል። ከሁሉም የሚብሰው የእትዬ ምሳ ሰዓት ነበር።

እትዬ መዋጥ ከብዷቸዋል። ሐኪሙ፣ ካልፈለጉ አታስገድዷቸው፣ ትን ብሏቸው ምግቡ ሳንባቸው ውስጥ ይገባል ብሏል። ልጃቸው ግን በየቀኑ ከሥራ ቦታዋ እየደወለች መብላታቸውን ትጠይቀኛለች። እኔም «በሞቴ» እያልኩ አጥሚቱን በማንኪያ አስጠጋላቸዋለሁ። በሞቴ የተባለ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? ትን እያላቸው ይውጣሉ፤ እኔም በልተዋል እላለሁ።

አንድ ደስታ ነበራቸው፦ መስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ጥድ ላይ የምታርፍ፣ ጅራቷ ሥር ቢጫ ያለባት ትንሽ ግራጫ ወፍ። ጎረቤታችን እንደነገረን የምትፈለፍለው ሩቅ ሰሜን፣ የጥድ ጫካ ውስጥ ነው፤ ብርዱ ሲጠና ወደ እኛ ትወርዳለች። እትዬ ይህን ሲሰሙ፣ ይቺ ጉድ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ መጣች፣ እኔ ከአልጋ ወንበር መድረስ አቃተኝ ብለው ሳቁ።

አንድ ቀን መስኮቱን መታችና በረንዳው ላይ ወደቀች። ሮጬ አነሳኋት። ልቧ መዳፌ ላይ ይመታል።

«ተያት፣ ትንሽ ትረፍ» አሉኝ እትዬ ከወንበራቸው።

እኔ ግን ራሱን ለሳተ ሁሉ ውሃ ሲባል ሰምቼ ያደግኩ ሰው ነኝ። በማንኪያ ምንቃሯ ውስጥ ውሃ ጠብ አደረግኩላት። ዝም ስትል ደገምኩ። ተንዘፈዘፈች፤ ባፍንጫዋ ትንሽ አረፋ ወጣ፤ አንገቷ ዘንበል አለ።

አለቀስኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ግማሹ ድካም ነው። እጄን ታጥቤ፣ ልማድ ነውና፣ አጥሚቱን አሙቄ መጣሁ። ማንኪያውን ሳስጠጋ አፋቸውን ሳይከፍቱ አዩኝ።

«ልጄ፣ ከእንግዲህ በሞቴ አትበዪኝ። እኔ የምውጠው አንቺ እንዳትቀየሚኝ ብዬ ነው።»

ያን ሁሉ ወር እኔን እያስታመሙ ኖረዋል ማለት ነው። አፈርኩ። ሳህኑን አስቀምጬ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ፤ እዚያ ቤት ሥራ ሳልይዝ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ልጃቸው እንደ ወትሮዋ ጠየቀችኝ።

«አልበሉም» አልኳት። «አልፈለጉም፤ ተውኳቸው።»

ስታለቅስ ሰማኋት። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉኝና፣ «አይዞሽ፣ እዚሁ ነኝ» አሏት።